አጥንት ያልገባባቸው አፕሎች

በእጄ የሠራኋቸው ሃምሳ ሦስት አፕሎች አጥንት ገብቶባቸዋል ተብለው በትምህርት ቤቱ የቆሻሻ ጉድጓድ ተጣሉ። ሲጣሉ ምን እንደገባባቸው የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ነገሩ በጠዋት ሰልፍ፣ በተማሪው ሁሉ ፊት ተነገረ። በደሉ ይህ ነው። አጥንት አልገባባቸውም። የገባባቸው ስኳር፣ ውኃ፣ ሎሚና ከርከዴ ነው።

ለአፕል ይህን ያህል ወረቀት ማባከን ምንድን ነው የሚል ይኖራል። እኛ ቆቦዎች በእነዚህ ዓመታት ከአፕል የሚበልጥ ስንት ነገር አጥተናል። እውነት ነው። ስለዚያ የሚጽፍ የተማረ ሰው አይጠፋም። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ፊደሉንም የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ አዝዬ ነው። የማውቀው በቤቴ የሆነውን ነው። እሱን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አውቀዋለሁ።

የልጄን ልጅ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ ዓረብ አገር ስትሄድ ልጅቷ ገና ጥርስ አላበቀለችም ነበር። ስለዚህ እኔን እማዬ ትለኛለች፤ እናቷን ደግሞ ታላቅ እህቷ ይመስል እትዬ ትላታለች። እናቷ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ የሰው ልጆች ታሳድጋለች። ዓርብ ዓርብ ሲቀናት ስልክ ትደውልልናለች።

አንድ ዓርብ ስትደውል ድምፅዋ ደክሞ ነበር። ልጅቷ ምን ስትሠሪ ዋልሽ ብትላት፣ «ለልጆቹ አፕል ስኳር ሳለብስ» አለቻት።

«አፕል ደግሞ ስኳር ይለብሳል?»

«ይለብሳል እንጂ። ቆይ ፎቶውን ልላክልሽ።»

ፎቶው መጣ። በእንጨት የተሰካ፣ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ልጅቷ ስልኩን ይዛ ወደ ፀሐይም ወደ ጥላም አዞረችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «እትዬ፣ አንቺ በልተሽው ታውቂያለሽ?» ብላ ጠየቀች።

«እኔማ ድርሻዬ ድስቱን መላስ ነው» አለችና እናቷ ሳቀች። ልጅቷም ሳቀች። እኔ ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም። ልጄ ለሰው ልጅ ታበስላለች፣ የእሷ ልጅ በፎቶ ታያለች። በሚዛን ላይ ብታስቀምጡት የትኛው ወገን እንደሚደፋ ዕውር ያየዋል።

ልጅቷ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። በክፍላቸው በዓመት አንድ ቀን አብረው የመብላት ልማድ አላቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አዋጥተው ሁለት ፍየል ገዙ፣ አንዱን ለክርስቲያኖቹ ልጆች፣ አንዱን ለእኛዎቹ ለእስላሞቹ። ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት እሳት። በእኛ አገር ሥጋው ለየብቻ ነው፤ ይህ ካባት ከአያት የመጣ ስለሆነ አላማርርበትም። በለቅሶውም በሠርጉም አንድ ነን፣ በሥጋው ብቻ እንለያያለን። ነገር ግን የእሷ የልብ ጓደኛ ክርስቲያን ናትና ያን ቀን ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው በሉ። ቤት ስትመጣ «ምን በላሽ?» ብላት «ግድግዳ እያየሁ በላሁ» አለችኝ።

ሰባተኛ ክፍል በነበረችበት ዓመት የመብያው ቀን ሲደርስ ረመዳናችን ወጥቶ ነበር፤ የክርስቲያኖቹ ዐቢይ ጾም ግን አላለቀም። ሥጋ አይሆንም። ወተትና እንቁላል የነካው ብስኩት አይሆንም። ልጅቷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ሃምሳ ሦስታችንም እኩል፣ በአንድ ላይ የምንበላው ነገር ምን አለ?»

«ቆሎ።»

«ቆሎማ ለቀብር ነው። አፕሉን እናልብሰው በይኝ።»

እኩል የምትለዋን ቃል ስሰማ ሌላ ነገር አይታየኝም። ይህን ታውቃለች። አወቀችብኝ።

አፕል በቆላ አይበቅልም። ከደጋ የምትወርድ አንዲት ሴት ግን አንዳንድ ጊዜ ገበያችን ታመጣለች። ትንንሽ፣ አረንጓዴ፣ ድንጋይ የሚያህል ጥንካሬ ያለው፣ የሚጎመዝዝ ነው። የቆቦ ሰው አንዴ ነክሶ ይተፋዋል። «ይህን ለበግ ነው ያመጣሽው ወይስ ለሰው?» እያሉ ይቀልዱባታል። ሴትየዋ ገበያ ስትወጣ ከማሳችን የመጣ ሽንኩርት ጭኜ ሄድኩና ልንለዋወጥ ተነጋገርን።

«ይህን ሁሉ ምን ልታደርጊው ነው እናቴ?»

«ልብስ ላለብሰው።»

«ቆላ ወርዶም ይበርደዋል እንዴ?»

ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ። እኔም ስቄ፣ አንድ አንዱን እየመረጥኩ፣ ትልቅ ትንሽ እንዳይሆን እያስተያየሁ ሃምሳ ሦስት ለየሁ። ስድስት ደግሞ ለመለማመጃ ጨመርኩ።

ስኳሩን ከሸማቾች ሱቅ በወረፋ ነው ያጠራቀምኩት። እናቷ አሠራሩን በድምፅ ላከችልን፦ ስኳርና ውኃ እሳት ላይ ይጣዳል፣ ይፈላል፣ ሲወፍር ጠብታው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይጣላል፤ ጠብታው ከተሰበረ ደርሷል፣ ከተለጠጠ አልደረሰም። ቀላል ነው። የመጀመሪያው ቀን ድስቱን ጣድኩና ማማሰያዬን አነሳሁ። እኛ የምናማስል ሰዎች ነን። ወጥ ይማሰላል፣ ገንፎ ይማሰላል፤ የማያማስል ሰው እሳት ዳር ምን ይሠራል? ሳማስል፣ ሳማስል፣ ያ የጠራ ውኃ በአንድ ጊዜ አሸዋ ሆነ። ደረቅ፣ ነጭ የወንዝ አሸዋ።

የእናቷ ድምፅ በስልኩ ጮኸ። «እማ! አትንኪው ብዬሽ አልነበረም ወይ!»

«ሳልነካው እንዴት ይበስላል?»

«ሎሚ ጠብ አድርጊበትና እጅሽን ያዥ። ልጂቷ ትያዝልሽ!»

ሁለተኛው አረረ። በሦስተኛው ልጅቷ ሁለት እጄን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ድስቱ ብቻውን ፈላ። በሕይወቴ እሳት ዳር እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩበት ቀን ያ ብቻ ነው። ጠብታውን ውኃ ላይ ብትጥለው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ልጅቷ ስባሪውን ከውኃው አውጥታ አፌ ውስጥ ጨመረችልኝ።

የዋናው ቀን ሥራ ከጎህ ጀመረ፤ የቆቦ ፀሐይ ከወጣ ስኳሩ ያልበዋልና። ድስቱ የእኔ አልነበረም። በአጥር የምንዋሰን ክርስቲያን ጎረቤቴ የጾም ድስቷን ሰጠችኝ። የጾም ድስት ማለት ከተገዛ ጀምሮ ሥጋም ቅቤም ያልነካው ነው። አስቤበት ነው የወሰድኩት። ሥጋ ያልነካው ድስት ለእነሱም ንጹሕ ነው፣ ለእኛም ንጹሕ ነው። ትሪውም የእሷ ነው፤ ስኳሩ እንዳይጣበቅበት የቀባነው የሰሊጥ ዘይት ነው። ቅቤ ይቀልለኝ ነበር። አልነካሁትም። መያዣ እንጨቱ ደግሞ ከመፋቂያ ሻጮቹ የመጣ፣ አዲስ የተቆረጠ ነው፤ አፍ ሊገባ የተፈጠረ እንጨት። ቀለሙን ያገኘሁት ቀዩን የከርከዴ አበባ አፍልቼ ነው። ቢስሚላህ ብዬ የመጀመሪያውን ነክሬ ሳወጣው ጎረቤቴ እልል አለች።

«ወይ ጉድ! ይህ ያ የበግ አፕል ነው?»

ሃምሳ ሦስቱ ትሪው ላይ ተደረደሩ። ጎረቤቴ ቆጠረቻቸው። ሁለቴ ቆጠረችና፣ «ለመምህሩስ?» አለችኝ።

«መምህሩ ተማሪ ነው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ጨምሪለት። ይሉኝታ ነው።»

«ለእሱ ከጨመርኩ ለሌሎቹ መምህራን ምን ልል ነው? ለዘበኛውስ? የልጆች ቀን ነው፤ ለልጆች ተቆጥሯል።»

ከንፈሯን መጠጠችና ተወችኝ። የቀሩኝ ሁለት የመለማመጃ አፕሎች ነበሩ። አንዷን ለእሷ፣ አንዷን ለራሴ አለበስኩ። እነሱን በላን።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። ከልጅቷ፣ ከጓደኛዋና ከሌላ አንድ ልጅ ለየብቻ ጠይቄ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት የነገሩኝን ብቻ ነው የምጽፈው። የሰው ስም የሚያጠፋ ነገር በአንድ አፍ አይመሰከርም።

ጾመኞቹ ልጆች እስኪገድፉ ድረስ ሁሉም ተጠበቀ። ተለይቶ የሚበላ አይኑር የተባለው እኮ ልጆቹ ራሳቸው ተስማምተው ነው። ስለዚህ አፕሎቹ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በቆርቆሮ ጣራ ሥር፣ በነጠላ ተሸፍነው ዋሉ። የቆቦን የዘጠኝ ሰዓት ቆርቆሮ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስኳሩ አላበው። ነጠላው ሲነሳ ማብረቅረቁ እንዳለ ሆኖ መጣበቅ፣ መለጠጥ ጀምሯል። ልጆቹ አንድ አንድ አነሱ። ጥቂቶቹ ነከሱ።

የክፍሉ ኃላፊ መምህር ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። አንዱን ከአንድ ልጅ እጅ ወስዶ በጣቱ ሲነካው ስኳሩ እንደ ሙጫ ተለጠጠለት። ስልኩን አወጣ፣ አነበበ። «ይህ የሚለጠጠው ጄላቲን ነው» አለ።

«ምንድን ነው ጄላቲን?» አሉት ልጆቹ።

«ከረሜላ ላይ ይገባል። ከእንስሳት አጥንትና ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነው።»

አንድ ክርስቲያን ልጅ፣ «አጥንት? በጾም?» ብሎ ጮኸ። አንድ የእኛ ልጅ ደግሞ፣ «የምን እንስሳ አጥንት? አሳማም ይሆናል?» አለው።

መምህሩ «ሊሆን ይችላል» አለ።

ሊሆን ይችላል። በዚህች ቃል ሃምሳ ሦስቱ ተሰበሰቡ። የነከሱት ወጥተው አፋቸውን በቧንቧ ውኃ አጠቡ። ክርስቲያኖቹም እስላሞቹም እኩል፣ በአንድ ቧንቧ፣ ተራ ይዘው። ልጅቷ «የስኳር ነው፣ እማዬ ናት የሠራችው፣ በጾም ድስት ነው» ብላለች። ሦስቱም ልጆች ይህን መስክረዋል። መምህሩም «አያትሽ በምን ያውቃሉ?» ብሏታል። ዘበኛው ትሪውን ወደ ጉድጓዱ ገለበጠው።

ትሪውን ባዶ ይዛ ስትመጣ ደጅ ላይ ነበርኩ። ነጠላውን አጣጥፋ ትሪው ላይ አስቀምጣዋለች። «አልቆ ነው?» አልኳት በደስታ። ያን አልኩ። ያልኩትን ባልመልሰውም እስከዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

በማግስቱ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ምክትል ዳይሬክተሩ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ከቤት ምግብ ማምጣት ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው፣ ትናንት ከእንስሳት አጥንት የተሠራ ነገር በአንድ ቤተሰብ ወደ ግቢ ገብቷል፣ የየሃይማኖታችሁን ሥርዓት አክብሩ አለ። ስም አልጠራም። መጥራት አላስፈለገውም፤ ሰልፉ ሁሉ ዞሮ እሷን አየ። በዕረፍት ሰዓት ስሟ «አጥንቴ» ሆነ። «አጥንቴ፣ ዛሬ ምን ቀቀላችሁ?» «አጥንቴ፣ ውሻችን ፈልጎሻል!» የልብ ጓደኛዋንም የጓደኛዋ እናት ከእሷ ጋር እንዳትቀመጥ ከለከለቻት፤ ለጾሙ ስትል።

አንድ ሳምንት ቻለች። በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ዩኒፎርሟን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ እንጂ፣ ሰዓቱ ሄደ።»

«አልሄድም እማዬ።»

«እስከ መቼ?»

«በሰልፍ የተናገሩትን በሰልፍ እስኪመልሱት። ያን ቀን እሄዳለሁ።»

የእኔ ልጅ ናት፤ ምን እላታለሁ? ልክ ናት። በአደባባይ የተሰደበ ሰው በጓዳ ይቅርታ አይታረቅም። ልጅቷ ወደ ትምህርቷ የምትመለሰው ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር በድምፅ ማጉያው ከተነገረች ነው። ያን ቀን ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ መምህሩን አገኘሁት። «ማዘር፣ ጥንቃቄ ነው እንጂ ክስ አይደለም» አለኝ።

«ከተጠነቀቅህ ለምን አልጠየቅኸኝም? ቤቴ ከትምህርት ቤቱ የድንጋይ ውርወራ ያህል ነው።»

«ሳይንሱን አንብቤ ነው።»

«ሳይንሱ የእኔን ድስት አይቶታል?»

ወደ ምክትሉ ላከኝ፤ ምክትሉ ወደ ወላጆች ኮሚቴ ላከኝ፤ ኮሚቴው የሃይማኖት ነገር ነው አለ። ወደ ሼሁ ሄድኩ። ሰምተው፣ «ሐላል ነው፣ ጥርጥር የለኝም፣ ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች። እሳቸውም፣ «ከጾም ድስት የወጣ ስኳር ምን ነውር አለበት?» አሉ። ሁለቱም አወቁ። ሁለቱም በቤታቸው ተናገሩ። ሰልፍ ድረስ የሚመጣልኝ ግን ጠፋ።

ስለዚህ አንድ ዓርብ ጠዋት የከሰል ምድጃዬን፣ የጎረቤቴን ድስት፣ የቀረችኝን ስኳርና ከደጋዋ ሴት የለመንኳትን አንድ አፕል ይዤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሄድኩ። ዘበኛው በበትሩ መንገዱን ዘጋ።

«እናቴ፣ እሳት ይዞ መግባት አይቻልም።»

«አልገባም። በሩ ላይ ነው የምጥደው። በሩ የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«እኔስ የማን ነኝ?»

ወደ ኋላ ሄዶ ተቀመጠ። ከሰሉን አያያዝኩ፣ ድስቱን ጣድኩ፣ እጄን በእጄ ይዤ ሳልነካው አፈላሁት። ልጆች ከአጥሩ ውስጥ ተሰበሰቡ። መምህሩ ወጣ። ስኳሩን አሳየሁት፣ ሎሚውን አሳየሁት፣ ከርከዴውን አስሸተትኩት። አፕሉን ነክሬ ሰጠሁት።

«ቅመስ።»

«ጾመኛ ነኝ፣ ማዘር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት እቀመጣለሁ።»

ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ወጣብኝ፣ አናቴ ላይ ቆመ፣ ወረደ። ዘበኛው ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ አልፈለግሁም፣ የተቀመጥኩበት ድንጋይ በቃኝ። አፕሉ ዓይኔ እያየ አላበው፣ ተጣበቀ፣ ተለጠጠ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መምህሩ መጥቶ አየው፣ በጣቱ ነካው። ከዚያ አማትቦ ነከሰው።

«ስኳር ነው» አለ። «ስኳር ብቻ ነው። ሙቀቱ ነው ያለጠጠው።»

«አልሐምዱሊላህ። አሁን በሰልፍ ተናገር።»

«ሰኞ እናገራለሁ፤ እኔው ራሴ።» አፕሉን እያገላበጠ አየና ፈገግ አለ። «ያን ቀንም አንድ ቢደርሰኝ ኖሮ እቀምሰው ነበር እኮ።»

ቀልዶ ነው የተናገረው። ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሰው ሁሉ ላይ የምጽፈውን በራሴ ላይ ካልጻፍኩ ሚዛኔ የውሸት ነው። ሃምሳ አራተኛ ባለበስ ኖሮ፣ እሱ ቀምሶ ነበር፤ ስልኩን ሳያወጣ ቀምሶ ነበር። ጎረቤቴ ነግራኝ ነበር። ልጆች ተቆጠሩ፣ ሌላ አይቆጠርም ብዬ ክችች አልኩ። ይህ የእኔ ነው። ይሁንና ያልተጋበዘ ሰው የጋባዡን ስም ያጥፋ የሚል ሥርዓት በክርስቲያንም በእስላምም የለም። ይህ ደግሞ የእሱ ነው።

ቤት ገብቼ ለልጅቷ ነገርኳት። ቅዳሜ ዩኒፎርሟን አጠበች። ልብሱ አጥሩ ላይ ሲደርቅ አይቼዋለሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአስፋልቱ ማዶ ተኩስ ተሰማ። ሰኞ መንገዱ ተዘጋ፤ ትምህርት ቤቱም አልተከፈተም። የዚያ ሳምንት አልተከፈተም፣ የቀጣዩም። መምህሩ መንገዱ ለአንድ ቀን ሲከፈት ወደ አገሩ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። በሰልፍ ሊናገር እንደነበር አምንለታለሁ። ሰልፉ ነው የጠፋው።

ልጅቷ ጠበቀች። ሰኞ በመጣ ቁጥር ወጣ ብላ በሩን አይታ ትመለሳለች። «ተከፈተ?» ስላት አንገቷን ትነቀንቃለች። ከወር በኋላ ሰኞ መሆኑን ማሰቡንም ተወችው። ያን ጊዜ በዙሪያችን ካሉት ከተሞች የሮቢት ልጆች ሄዱ ሲባል እንሰማለን፤ የዋጃ ልጆች ሄዱ፤ ጎብዬ የአንድ ሰፈር ሴት ልጆች በአንድ ቀን ሄዱ። የሚሄዱት በአፋር አድርገው ወደ ባሕሩ፣ ዓረብ አገር ሊሻገሩ ነው። እናቷ በስልክ ታለቅሳለች፤ «እማ፣ ይህችን ልጅ ያዥልኝ፣ የኔ ይብቃ» ትላለች። ያዝኳት። እንዴት እንደሚያዝ ግን አላውቅም። በሩን ልዝጋ? እግሯን ልሰር? ትምህርትሽን ጠብቂ እንዳልላት ትምህርት የለም።

በአፕሉ የተነሳ ሄደች አልልም። ያልተሰደቡትም ሄደዋል። በክፍሏ አንደኛ የሚወጣውም ሄዷል። ነገር ግን ሰልፉ ላይ ያ ቃል ባይነገር ኖሮ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት ቤት አትውልም ነበር፤ ከትምህርቷም ከጓደኛዋም ጋር ትሆን ነበር። የሚያስራት ነገር ይኖራት ነበር። የተቆረጠችው ያን ጊዜ ነው። መሄዱ የመጣው በኋላ ነው።

አንድ ማክሰኞ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ጀሪካኑን ጎረቤቴ ደጅ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከሁለት ልጆች ጋር ነው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን በማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

«እማዬ፣ ደህና ነኝ። ባሕሩ ይታየኛል።»

«ተመለሺ። ወላሂ ተመለሺ። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት በሰልፍ አስነግርልሻለሁ።»

በስልኩ ነፋስ ይሰማል፣ የሰው ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ ልክ እንደ እናቷ ሳቀች። «እማዬ፣ አሁንም እሱን ነው የምታስቢው?»

ስልኩ ተቋረጠ። እስከዛሬ በዚያ ቁጥር የሚያነሳ የለም። እናቷ ከባሕሩ ወዲያ ናት፣ እኔ ከባሕሩ ወዲህ ነኝ፤ ልጅቷ ከሁለታችንም ዘንድ አልደረሰችም። ዓርብ ዓርብ እንደዋወላለን። እሷ «ሰማሽ?» ትለኛለች፤ እኔም «አንቺስ?» እላታለሁ። ከዚያ ሁለታችንም ስልኩን ሳንዘጋ እንቆያለን።

ትምህርት ቤቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ ተከፈተ። አንድ ጠዋት ባንዲራው ሲሰቀል ከደጄ ሆኜ ሰማሁ። ነጠላዬን ሳነሳ ጎረቤቴ አየችኝ።

«ተይው እቴ። ልጂቷ የለች፤ ለማን ብለሽ?»

«ለስሟ። ስሟ እዚሁ ነው ያለው።»

አዲስ ዳይሬክተር መጥታለች፤ ሴት ናት፣ ከሌላ አገር የተመደበች፣ የልጄ ዕድሜ። ወንበር ሰጠችኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ድስቱን፣ ቆርቆሮውን፣ ቧንቧውን፣ ሰልፉን፣ በሩ ላይ የተቀመጥኩበትን ቀን። የራሴንም ጥፋት ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ከመደርደሪያው የስም መዝገብ አወረደችና የዚያን ክፍል ገጽ ገለጠች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች እየጎተተች አነበበች፤ የተመለሱትን በእርሳስ ምልክት አድርጋባቸዋለች። ከሃምሳ ሦስቱ የተመለሱት ዘጠኝ ናቸው። መዝገቡን ሳትዘጋው ቀና ብላ አየችኝ።

«እማማ፣ እውነቱ የእርስዎ ነው፤ አምኛለሁ» አለች። «ነገ ጠዋት በሰልፍ ልናገረው እችላለሁ፣ አልፈራም። ነገር ግን ከእነዚህ ዘጠኝ በቀር አሁን የሚሰለፉት ሌሎች ልጆች ናቸው። ስለ አፕሉም፣ ስለ አጥንቱም፣ ስለ ልጅዎም የሰሙት ነገር የለም። አጥንት አልነበረበትም ብዬ ብነግራቸው አጥንት ነበረበት መባሉን ያውቃሉ፤ በዕረፍት ሰዓት ‹አጥንቴ› ማን ናት ብለው ይጠይቃሉ። ልጅዎ ብትመለስ እንኳ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራት ሰው የለም። እኔ ስድቡን ላስተምራቸው?»